የሕፃን ታሪክ ከየትኛው ቤት ይነገራል? ስለ ኦጂብዋ ልጆችና ስለ ደብረ ታቦሩ ልዑል

ለአዋቂ የሚጻፍ ታሪክ ከዙፋንና ከጦር ሜዳ ይጀምራል፤ ለሕፃን የሚጻፍ ታሪክ ግን ከሌላ ሕፃን ይጀምራል። ሕፃን የውል ወረቀትና የወሰን ክርክር አይገባውም፤ ነገር ግን በእርሱ ዕድሜ ያለ ልጅ እናቱን ሲያጣ፥ ቤቱ ሲፈርስ፥ ከአገሩም ሲወጣ ባነበበ ጊዜ የአንድ ሕዝብ መከራ ምን እንደ ሆነ ያስተውላል። በልጅነት የተነበበ ነገር በልጅነት እንደ ተቈጠረ ፊደል ነው፤ ሰው በሸመገለ ጊዜ እንኳ አይረሳውም። ስለዚህ ለልጆች የታሪክ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ቀላል ሥራ የያዘ ይመስላል እንጂ ሥራው ከባድ ነው፤ የሚመጣው ትውልድ ሌላውን ሕዝብ በምን ዓይን እንዲያይ፥ ራሱንም በምን ዓይን እንዲመለከት መሠረቱን የሚጥል እርሱ ነውና።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ በሁለት መንገድ ይጻፋል። አንደኛው መንገደኛ ባየው መጠን ነው፤ መንገደኛ በአገሩ ሲያልፍ ጢሱን ከሩቅ ያያል፥ በደጅ የቆሙትንም ልጆች ይመለከታል፥ የቤቱን ውስጥ ግን አያውቅም። ሁለተኛው ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ሰው እንደሚያውቀው ነው፤ እርሱ የሚነደውን እንጨት ዓይነት፥ የልጆቹን የቤት ስም፥ የአያታቸውንም ተረት ያውቃል። የሁለቱ ልዩነት ምን ያህል እንደ ሆነ በሁለት ታሪክ ይታወቃል፤ አንዱ በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩት የኦጂብዋ ሕዝብ ልጆች ታሪክ ነው፤ ሁለተኛውም በደብረ ታቦር የተወለደው የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ታሪክ ነው። አገሮቻቸው እጅግ የተራራቁ ቢሆኑም አንድ ዘመን፥ ከዚህ በታችም እንደሚነገረው አንዳንድ ሰዎች አገናኝተዋቸዋል። ስለ አሜሪካና ስለ እንግሊዝ በሚነገርበት ስፍራ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ በሚነገርበት ስፍራ ግን ዓመተ ምሕረት ተብሎ ይጻፋል።

የኦጂብዋ ሕዝብ የጥንት አገራቸው በሰሜን አሜሪካ በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ ነው። ሱፒርየር በተባለው ሐይቅ ውስጥ ያለችው የማደሊን ደሴት ከጥንት ጀምሮ የተከበረች ስፍራቸው ናት። በርች ከሚባለው ዛፍ ቅርፊት ጎጆና ታንኳ ይሠሩ ነበር፤ ሙቀት በሆነ ጊዜ በቆሎ ይዘራሉ፥ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት በሐይቅ ዳር ሳይዘራ የሚበቅለውን ሩዝ በታንኳ ሆነው ይሰበስባሉ፥ በረዶ በወረደ ጊዜ ያድናሉ፥ በረዶውም መቅለጥ ሲጀምር ሜፕል ከተባለው ዛፍ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ አፍልተው ስኳር ያወጣሉ። የአባቶቻቸውንም ተረት የሚናገሩት በእሳት ዙሪያ ተሰብስበው ምድሪቱ በበረዶ በተሸፈነችበት ወራት ነበር።

የአሜሪካ መንግሥት ወሰን ወደ ምዕራብ እየሰፋ በሄደ ጊዜ ሰፋሪዎቹና ነጋዴዎቹ አስቀድሞ የኦጂብዋን ደን፥ ቀጥሎም በምድራቸው ውስጥ ያለውን መዳብ ፈለጉ። ስለዚህ ኦጂብዋዎች በ1837 እና በ1842 ውል ተዋውለው ብዙ መሬት ለቀቁ፤ ነገር ግን በለቀቁት መሬት ላይ ማደን እንዳይከለከሉ በውሉ አስጽፈው ነበር። በ1850 ፕሬዚዳንት ዛካሪ ቴይለር ይህ መብት እንዲቀርና ሕዝቡ ወደ ምዕራብ እንዲወጣ አዘዘ። ባለ ሥልጣኖቹም በጦር ከማስወጣት ይልቅ በቀለብ ማስወጣትን መረጡ፤ በየዓመቱ በማደሊን ደሴት ይከፈል የነበረውን የውል ገንዘብና ቀለብ በስተ ምዕራብ ርቆ በሚገኘው በሳንዲ ሐይቅ እንዲከፈል አደረጉ። ሰዎቹ ወደዚያ ሄደው ሲጠብቁ ብርዱ ደረሰባቸው፤ የተሰጣቸው ምግብ የተበላሸ ነበረ፥ በሽታም ገባባቸው፤ በስፍራውና በመመለሻው መንገድ 400 ያህል ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ በ1852 ቡፋሎ የተባሉ እጅግ የሸመገሉ አለቃ ከደሴቲቱ ተነሥተው እስከ ዋሽንግተን ድረስ ሄደው ለፕሬዚዳንት ፊልሞር አቤት አሉ፤ የማስወጣቱም ትእዛዝ ቀረ። በ1854 በተደረገው ውል በአገራቸው ላይ የሚኖሩበት ቋሚ መሬት ተከለለላቸው።

ስለዚህ ዘመን ለአሜሪካ ልጆች የተጻፉት መጻሕፍት ለብዙ ጊዜ የመንገደኛው መጻሕፍት ነበሩ። ከእነርሱም እጅግ የታወቀው ሎራ ኢንጎልስ ዋይልደር የተባለች ደራሲ በ1935 ያሳተመችው፥ በሜዳ ላይ ስለ ተሠራች ትንሽ ቤት የሚናገረው መጽሐፍ ነው። ዋይልደር በሕፃንነቷ ከወላጆቿ ጋር በሠረገላ ሄዳ ኦሴጅ በተባለው ሕዝብ መሬት ላይ ሰፍራ ነበርና፥ የዚያን ቤት ኑሮ በሚያምር አነጋገር ጽፋዋለች። ዳሩ ግን በመጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ በዚያ አገር ከቀይ ሕንዶች በቀር ሰዎች የሉም የሚል ትርጉም ያለው ቃል ገብቶበት ነበር። ይህ ቃል አሥራ ሰባት ዓመት ያህል በልጆች እጅ ሲነበብ ቈየ፤ አንድ አንባቢ ለአሳታሚው ደብዳቤ ከላከ በኋላ በ1953 እትም «ሰዎች» የሚለው «ሰፋሪዎች» ተብሎ ታረመ፤ ደራሲዋም ስሕተቷን ያለ ክርክር ተቀበለች። በ2018 ደግሞ በስሟ ይሰጥ የነበረው የልጆች መጻሕፍት ሽልማት ስሙ ተለወጠ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ይህች ሴት ክፋት አስባ አልጻፈችም፤ የጻፈችው በሠረገላው ላይ ለተቀመጠ ሰው እንደሚታየው ነው። ከሠረገላው ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው የጎረቤቱን ጢስ እያየ ጢሱን ያነደደውን ሰው ሊረሳ ይችላል።

በ1999 ከኦጂብዋ ወገን የሆነች ሉዊዝ ኤርድሪክ የምትባል ደራሲ የበርች ቅርፊት ቤት የሚል ስም ያለው የልጆች ታሪክ አወጣች። ከእናቷ ጋር የቤተ ሰባቸውን የትውልድ ሐረግ ሲመረምሩ አያቶቻቸው በማደሊን ደሴት እንደ ኖሩ ስለ ተረዱ መጽሐፉን ከዚያ አነሣችው፤ ሥዕሎቹንም ራሷ ሣለቻቸው። ታሪኩ በ1847 በዚያች ደሴት ስለምትኖር ኦማካያስ ስለምትባል ትንሽ ልጅ ነው፤ አከፋፈሉም እንደ ዓመቱ አራት ወቅቶች ነው። ኦማካያስ ቆዳ መፋቅ ትጠላለች፥ ከበቆሎው ማሳ ቁራ ታባርራለች፥ በታላቅ እኅቷ ውበት ትቀናለች፥ ከአያቷም ዘንድ የመድኃኒት ዕውቀት ትማራለች። ነጮቹ በመጽሐፉ ውስጥ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ ናቸው፤ ትልልቆቹ በእሳት ዳር ስለ እነርሱ ሲመክሩ ልጅቱ እንደ ማንኛውም ልጅ ከፊሉን ትሰማለች፥ ከፊሉም ያመልጣታል። በበረዶው ወራት አንድ እንግዳ ፈንጣጣ ይዞ ይገባል፤ ኦማካያስ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ሕፃን ወንድሟም ይሞታል። አንባቢው እስከዚያ ድረስ ሕፃኑን አቅፎት፥ ሲሥቅም ሰምቶት ስለ ነበረ፥ የእርሱ ሞት በመዝገብ ላይ የተጻፈ ቍጥር አይሆንበትም። በ2005 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ የ1850ውን የማስወጣት ትእዛዝ የሚናገር ነው፤ በሚቀጥለውም ዓመት ስኮት ኦዴል የተባለውን የልጆች ታሪካዊ ልቦለድ ሽልማት አግኝቷል።

ይህን መጽሐፍ የእብናት ልጅ ቢያነበው እንግዳ አይሆንበትም። እብናት ከደብረ ታቦር በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለ አገር ነው፤ ከደጋው ወደ በለሳ በኩል ሲወረድ በሚገኘው ቆላ ማሽላ ይዘራል። ማሽላው ባፈራ ጊዜ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ፤ ፀሐዩን፥ ጩኸቱን፥ ድካሙን፥ በመካከሉም የሚገኘውን ጨዋታ ያውቁታል። ስለዚህ ኦማካያስ ከበቆሎው ቁራ ስታባርር የእብናት ልጅ ሥራዋን ማንም ሳይተረጕምለት ያስተውላል። ፈንጣጣም ቢሆን በኢትዮጵያ የጠፋው በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ ነውና ጠባሳውን በታላላቆች ፊት ላይ ያየ ብዙ ነው። የአንድ ሕዝብ ታሪክ ከቤት ውስጥ በተነገረ ጊዜ ሌላው ሕዝብ ወንድሙን ያውቅበታል።

የእነዚህ ሁለት አገሮች መገናኘት ግን በወፍ ጥበቃ ብቻ አይደለም። በ1867 በአሜሪካ ምዕራብ ጄኔራል ሃንኮክ በቀይ ሕንዶች ላይ በዘመተ ጊዜ፥ በዚያውም ዓመት የመንግሥት መልእክተኞች ከሕዝቦቹ ጋር የዕርቅ ውል ባደረጉ ጊዜ አብሮ እየተጓዘ ለጋዜጣ ይጽፍ የነበረ ሄንሪ ሞርተን ስታንሌይ የሚባል ወጣት ነበረ። ይኸው ሰው በሚከተለው ዓመት የኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ወኪል ሆኖ ከእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ ደረሰ። በኋላም በ1873 ካሉሉ ስለ ተባለ አፍሪካዊ ልጅ ለልጆች የሚሆን ልቦለድ አሳተመ። ከእርሱ ጋር በመቅደላ ዘመቻ የነበረው ጆርጅ አልፍሬድ ሄንቲ ደግሞ ስታንዳርድ ለተባለው የለንደን ጋዜጣ ይጽፍ ነበር፤ የላካቸውን ደብዳቤዎች በ1868 ወደ መቅደላ ስለ ተደረገው ጉዞ በሚናገር መጽሐፍ ሰበሰባቸው። ይህ ሄንቲ ከዚያ ወዲህ ለወንዶች ልጆች ከመቶ በላይ የታሪክ መጻሕፍት ጽፎ፥ የእንግሊዝ ልጆች በየቤታቸው የሚያነቡት ታላቅ ደራሲ ሆነ፤ በ1892 ያወጣው አንዱ መጽሐፉም የአሜሪካን ምዕራብ ሜዳና ቀይ ሕንዶችን የሚመለከት ነው። እንግዲህ ስለ ሩቅ ሕዝቦች ለእንግሊዝ ልጆች ታሪክ የሚነግረው ብዕር መቅደላ ላይ ቆሞ አይቶ ነበር። ያየው ግን ከጦሩ ሰፈር ሆኖ ነው።

የጦሩ ሰፈር ያላየው ነገር ምን ነበር? ልዑል ዓለማየሁ የተወለደው በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ነው። ከተማይቱን የመሠረቱት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው፤ በልጅ ልጃቸው በራስ ዓሊ ጊዜም የአገሩ ገዥዎች መቀመጫ ሆና ቈየች፤ ኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማቸው አደረጓት። የልዑሉ እናት እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑ፤ የተሸነፉትንም ደጃዝማች አሰሯቸው። ስለዚህ ይህ ሕፃን የድል አድራጊው ልጅ፥ የእስረኛውም የልጅ ልጅ ነበረ። ከዚህ የበለጠ ለልጆች ታሪክ የሚሆን መነሻ ከወዴት ይገኛል?

ለደብረ ታቦር ቅርብ በሆነው በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለ ሙያዎች ከአገሩ ሠራተኞች ጋር ሆነው ለንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ያቀልጡ ነበር፤ በ1859 ዓ.ም. የተሠራውም ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ያህል ይመዝን ነበር ይባላል። በዚያ ጊዜ የንጉሡ ኀይል ደክሞ ባላገሩ ከድቷቸው ነበር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች፤ የበጌምድርም ገበሬ ከራሱ ንጉሥ ሠራዊት እህሉንና ከብቱን አጣ። በ1860 ዓ.ም. በመስከረም ወር መጨረሻ ደብረ ታቦርም ተቃጠለች፤ ንጉሠ ነገሥቱ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጐተቱ፥ በገደሉም መንገድ እያስጠረጉ ስድስት ወር ያህል ተጕዘው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። በሌላው ወገን የታሰሩትን የእንግሊዝ ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያን ለማስፈታት ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደሮችና 44 ዝሆኖች ይዞ ከባሕር ወጥቶ ይመጣ ነበር።

በዚያ ዓመት የኢትዮጵያና የፈረንጆች ፋሲካ በአንድ ቀን ዋለ። በዕለተ ስቅለት፥ ሚያዝያ 3 ቀን፥ በአሮጌ ሜዳ የንጉሡ ጦር ተሸነፈ። በፋሲካ ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ዕርቅ ፈልገው ለጠላታቸው የፍስክ የሚሆን በሬና በግ ሰደዱ፤ ዕርቁ ግን አልሆነም። በማግስቱ ሰኞ፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ እንግሊዞች አምባውን በያዙ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ተዘረፉ፤ ምርኮውም በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጠ። ከዚያ የተወሰዱት ብዙ የብራና መጻሕፍት በለንደን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ዕድሜው ሰባት ዓመት ያህል የሆነው ዓለማየሁና እናቱ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ጕዞ ጀመሩ።

እቴጌ ጥሩወርቅ ታመው ስለ ነበር መንገዱን አልጨረሱም፤ በግንቦት ወር በትግራይ ምድር ዐርፈው በጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ሕፃኑ አባቱንና እናቱን ያጣው በአምስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ታሪኩ ግን ከዚያ ላይ የሚገለበጥ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስን ዜና መዋዕል በአማርኛ የጻፉት ሊቅ አለቃ ዘነብ ልጁን እንዲያስተምሩ ተመርጠው አብረውት ይጓዙ ነበር። ነገር ግን ጠባቂነቱን የተቀበለው ካፒቴን ስፒዲ የአለቃውን አብሮ መሄድ አልወደደምና ተለይተው ተመለሱ። ስፒዲ አማርኛ የሚችል፥ በኢትዮጵያም ባሻ ፈለቀ ይባል የነበረ ሰው ነው፤ ልጁንም ይወደው እንደ ነበረ የተመሰከረ ነው። ቢሆንም ለዓለማየሁ የአገሩን ታሪክ በአገሩ ቋንቋ እስኪያድግ ድረስ ሊነግሩት የሚችሉት ሰው በዚያ መንገድ ላይ ተለዩት። መጻሕፍቱ በዝሆን ሲሄዱ፥ ልጁ በመርከብ ሲሄድ፥ የታሪኩ ጸሓፊ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ በእንግሊዞች እጅ የተጻፈ ነው። ልጁ በ1868 በዋይት ደሴት ንግሥት ቪክቶሪያን አየ፤ በዚያው ደሴት የታወቀችው ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሣችው፤ በሥዕሉም ላይ ፊቱ ያዘነ ነው። ከስፒዲ ጋር ወደ ሕንድ ሄደ፤ መንግሥቱ ግን በእንግሊዝ ይማር ብሎ ከስፒዲ ለየው፤ ለሁለተኛ ጊዜ አባት እንደ ማጣት ሆነበት። በቼልተንሃምና በራግቢ ተማረ፥ በኋላም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ ነገር ግን አልሆነለትም። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ በሽታ ሞተ፤ ዕድሜው 18 ዓመት ነበር። ንግሥቲቱ በዕለት ማስታወሻቸው ላይ በባዕድ አገር ያለ ዘመድ በመሞቱ እጅግ እንዳዘኑ ጽፈዋል። በዊንድሰር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ፤ ከመታሰቢያው ላይም ከማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ስለ እንግዳ መቀበል የተነገረው ቃል ተጻፈለት። ካህናት አንባብያን ይህን ቃል ያውቁታል። እንግዳ የተባለው ልጅ ግን ወደዚያ አገር በራሱ ፈቃድ የመጣ አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዐፅሙ እንዲመለስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በአጠገቡ ያረፉትን ሌሎች ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ከልዑሉ ራስ የተቈረጠ ጠጕር በለንደን ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ይህ ልጅ ለልጆች በሚሆን መጽሐፍ ውስጥ ዳግመኛ የገባው በ2012 ነው። ኤልዛቤት ሌርድ የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ በዚያ ዓመት ስለ ልዑል ዓለማየሁ የሚናገር ታሪካዊ ልቦለድ አሳተመች። ሌርድ በወጣትነቷ በአዲስ አበባ ያስተማረች፥ በኋላም በየክፍለ ሀገሩ እየዞረች የኢትዮጵያን ተረቶች ከተራኪዎቹ አፍ የሰበሰበች ናትና ከሄንቲ ጋር አትቈጠርም፤ የእንግሊዝ ልጆች በአገራቸው መቃብር ውስጥ ያለው ልዑል ማን እንደ ሆነ እንዲጠይቁ አድርጋለች፤ ይህም ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ሆኖም እንግዳ ምንም ያህል ደግ ቢሆን የሚያየው እስከ በሩ ድረስ ነው፤ የቀረውን መናገር የባለ ቤቱ ዕዳ ነው።

ባለ ቤቱ ቢጽፈው ከወዴት ይጀምራል? ኤርድሪክ እንዳሳየችው ከሠራዊቱ ጕዞ አይጀምርም፤ ከዓመቱ ዙር ይጀምራል። የደብረ ታቦር ልጅ ዓመቱን የሚያውቀው በበዓል ነው። ከተማይቱ በስሙ የምትጠራበት በዓል ነሐሴ 13 ቀን ሲሆን ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፥ በየደጁ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል ይቀበላሉ፥ ችቦም ያበራሉ። ከዚያ በኋላ እንቍጣጣሽ፥ ከዚያም መስቀል ይመጣል። በ1860 ዓ.ም. መስከረም ወር መጨረሻ የተቃጠለችው ከተማ የመስቀሉ ደመራ አመድ ገና ያልጠፋባት ከተማ ነበረች። ይህን ያስተዋለ ጸሓፊ ለአንድ ልጅ የከተማይቱን መቃጠል ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ በአንድ ወር ውስጥ ለደስታ የበራውንና ለጥፋት የነደደውን እሳት ጐን ለጐን ማሳየት ይበቃዋል።

ከቤት ውስጥ የሚነገር ታሪክ ግን ለቤቱ የሚያደላ ታሪክ መሆን የለበትም። ብዙ ሰዎች የአገራቸውን ታሪክ ለልጆች ሲጽፉ ውዳሴውን ጽፈው ሐዘኑን ይተዋሉ፤ ልጅ እውነቱን አይሸከምም ይላሉ። ኤርድሪክ ግን የሕፃኑን ሞት አልደበቀችም። እንዲሁም ስለ ዓለማየሁ የሚጽፍ ሰው ቤተ መንግሥቱን ብቻ ሳይሆን በዚያው ዓመት እህሉ የተወሰደበትን የበጌምድር ገበሬ ልጅ መጻፍ ይገባዋል። ያ ልጅ ስሙ በማንም መዝገብ አልተጻፈም፤ ፎቶግራፍም አልተነሣም፤ ነገር ግን እርሱም እንደ ልዑሉ በዚያ እሳት ቤቱን አጥቷል። ሁለቱ ልጆች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ጐን ለጐን ቢቆሙ አንባቢው ልጅ ንጉሡን ሳይንቅ፥ ገበሬውንም ሳይረሳ ታሪኩን ይማራል።

የዚህ ነገር አስፈላጊነት ላለፈው ዘመን ብቻ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ በጸናበት ጊዜ በእብናት የእርዳታ ጣቢያ ተከፍቶ ከየአቅጣጫው የመጡ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ቀለብ እየተቀበሉ ይኖሩ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር መጨረሻ በጥቂት ቀን ውስጥ በወታደር ተበተኑ፤ የተጠለሉባቸውም ጎጆዎች ተቃጠሉ፤ ደካሞችና ሕፃናት በእግራቸው ወደ መጡበት መንገድ ተሰደዱ። በኋላ መንግሥት ራሱ ድርጊቱ ስሕተት እንደ ነበረ ተናገረ። በሳንዲ ሐይቅ ሰዎች ወደ ቀለብ ተጠርተው ሞቱ፤ በእብናት ከቀለብ ተባርረው ተሰደዱ። በሁለቱም ስፍራ ነገሩን የወሰኑት ስለ ቍጥር የሚያስቡ ሰዎች ናቸው፤ በሁለቱም ስፍራ መከራውን በእግሩ የሄደው ሕፃን ነው። የውጭ አገር ጋዜጦች የእብናትን ወሬ በዚያ ሰሞን ጽፈውታል፤ እነርሱም እንደ ስታንሌይና እንደ ሄንቲ ከመንገድ ላይ ሆነው ያዩትን ጻፉ።

ይሁን እንጂ በእብናትና በዓለማየሁ ታሪክ መካከል አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። የዓለማየሁን ቤት ያዩ ሰዎች ሁሉ አልፈዋል፤ አለቃ ዘነብም ለልጁ ሊነግሩት የነበረውን ይዘው ሄደዋል። በ1977 ዓ.ም. በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወይም እጇን ይዞ ከእብናት የወጣው ልጅ ግን ገና ያልሸመገለ ሰው ነው፤ ልጆችም ወልዷል። ጎጆው ከምን እንደ ተሠራ፥ በዚያ ጣቢያ ልጆች ምን እየተጫወቱ ይውሉ እንደ ነበረ፥ ሲወጡ እናቱ ምን እንዳለችው ያስታውሳል። ኤርድሪክ መጽሐፏን ያገኘችው ከእናቷ ጋር ተቀምጣ አያቶቿን በመመርመር ነው። በደብረ ታቦርና በእብናት ያሉ መምህራን፥ ካህናትና የተማሩ ወጣቶችም እንዲሁ ተቀምጠው ቢጠይቁና ቢጽፉ፥ የሚቀጥለው ልጅ ታሪኩን ከባዕድ ደጅ አይለምንም። ዛሬ ያልተጠየቀ ሽማግሌ ነገ እንደማይገኝ የሚያውቅ ሰው ወረቀቱን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ምድጃ ይሂድ።